የዉፋ ቤትና የአባቴ ቆጠራ

በዚያ የበረዶ ወራት አንድ ቦታ ተቀምጬ መዋል አቃተኝ። የማስተር ጽሑፌን የማስረክብበት ቀን እየቀረበ ነበር። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ወንበር እመርጣለሁ፣ ኮምፒውተሬን እከፍታለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ ብርሃኑ አልተስማማኝም ብዬ ወደ ሌላ ፎቅ እወጣለሁ። እዚያ ደግሞ አፍንጫውን የሚስብ ተማሪ ይገጥመኛል። ካፖርቴን መልሼ ለብሼ እስከ ኦስሎ ወደብ፣ እስከ ቢየርቪካ፣ በእግሬ እወርድና ባሕሩን አየት አድርጌ ሳልሞቅ እመለሳለሁ። ጽሑፉ ካቆምኩበት ዓረፍተ ነገር ንቅንቅ አይልም።

የማጠናው ስለ አንድ የጥንት ንጉሣዊ ቤት ነው። ሮማውያን ዛሬ እንግሊዝ የምንለውን አገር ለቀው ከሄዱ በኋላ አንግሎ-ሳክሰን የሚባሉት ሕዝቦች ትንንሽ መንግሥታት አቋቁመው ነበር። ከእነዚያ መንግሥታት አንዱን፣ በምሥራቁ የባሕር ዳርቻ ያለውን፣ ይገዙ የነበሩት ነገሥታት ዉፊንጋስ ይባላሉ፤ የዉፋ ልጆች ማለት ነው። ዉፋ ማን ነበር ከተባለ የሚታወቀው ስሙ ብቻ ነው። ስሙንም ቋንቋውን የሚያውቁት "ትንሹ ተኩላ" እንደ ማለት ነው ይላሉ። የት እንደ ተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ በምን እንደ ሞተ የጻፈ የለም።

አብረውኝ የሚማሩት ኖርዌጂያኖች ስለ ኢትዮጵያ የማጠና ይመስላቸው ነበር። "እነዚህን እንግሊዞች ከየት አመጣሻቸው?" ይሉኛል። ያመጣቸው ቆጠራው ነው። የነዚያን ነገሥታት የትውልድ ሐረግ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን የሰማሁት የአባቴን ድምፅ ነበር። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ እያለ ወደ ላይ ይወጣል።

አባቴ ጎጃሜ ነው። ኦስሎ የገባን ጊዜ እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። መጀመሪያ በጽዳት፣ በኋላ በአንድ ትምህርት ቤት የጥገና ሠራተኛ ሆኖ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሠርቷል። ከእሱ ጋር ከሰፈራችን ከሮመን ወደ ከተማ በቴ-ባነ፣ በምድር ውስጡ ባቡር፣ ስንሄድ ጣቴን ይዞ ያስቆጥረኝ ነበር። እኔ፣ አባቴ፣ አያቴ፣ ቅድመ አያቴ፣ እንዲህ እያልን ሰባት ቤት እንሞላለን። ሰባት ቤት ካለቀ በኋላም አያቆምም፤ ወደ አንድ ደጃዝማች፣ ከደጃዝማቹ ወደ አንዲት ልዕልት ይወጣና "ከዚያ በላይ የነገሥታት ነው" ብሎ ጣቴን ይለቀዋል። እኔም በከተማው ዋሻ ውስጥ ከሚሄድ ባቡር ላይ ሆኜ የነገሥታት ዘር መሆኔን እሰማለሁ። በማግስቱ ክፍል ውስጥ ያንን የሚጠይቀኝ የለም።

የዉፋም ቤት እንደዚሁ ነው። ከዉፋ በላይ ስሞች ይቀጥሉና "ቄሳር" የሚባል ሰው ላይ ይደርሳሉ፤ ከቄሳር ደግሞ ዎደን ወደሚባለው አምላካቸው። ተመራማሪዎቹ የላይኞቹ ስሞች በኋላ የተቀጠሉ ናቸው ይላሉ። አንድ ቤት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ክብር ይፈልጋል፤ ክብር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሠራው። እኔ ይህንን በሴሚናር ላይ ረጋ ብዬ መናገር ተለማምጄ ነበር። እቤት ግን አንድም ቀን ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

እሱ የመጣው ከዚያ የበረዶ ወራት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

ቢየርቪካ ካሉት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ካንቲን ውስጥ ጠዋት ጠዋት እሠራ ነበር። አንድ ቀን የምድጃው መስመር ተቃጠለና ኤሌክትሪሺያን ተጠራ። መሰላል ይዞ የገባው መልኩ አበሻ፣ ኖርዌጂያንኛው ግን የምዕራብ ኖርዌይ ገጠር የሆነ ሰው ነበር። "ከኢትዮጵያ ነሽ?" አለኝ በኖርዌጂያንኛ። አዎ ስለው "እኔም" አለ፤ ግን ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ከአዲስ አበባ የሕፃናት ማሳደጊያ በጉዲፈቻ ወስደውት በጎች የሚያረቡ ባልና ሚስት በአንድ ፊዮርድ፣ ተራራ መሀል በሚገባ ባሕር፣ ዳር አሳደጉት። አማርኛ የጀመረው ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ፣ በስልክ መተግበሪያ ነው። ወንዱንም ሴቱንም "አንቺ" ይላል።

ዓመት ከቆየን በኋላ ወላጆቼ ጋ ሮመን ወሰድኩት። እሑድ ምሳ ነበር፤ ጾም ስለሆነ እናቴ ምስርና ጎመን ሠርታለች። እሱ አባቴን "አንቺ ጤና ነሽ?" ብሎ ሰላም ሲለው አባቴ ሳቁን በመሀረቡ ሸፈነ። ነገሩ ጥሩ ጀመረ። ከተበላ በኋላ ግን አባቴ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ጠየቀው።

"አባትህን ታውቀዋለህ?"

"ያ" አለ፣ አዎ ማለቱ ነው። "ምዕራብ ነው። በግ አለው።"

"እሳቸውን ማለቴ አይደለም። የወለደህን።"

"ነይ" አለ እሱ።

እናቴ ጭልፋዋን እንደያዘች ከኩሽና ብቅ አለች። "አቤት፣ ጠራችሁኝ?"

ሁላችንም ሳቅን። "ነይ" በኖርዌጂያንኛ "የለም፣ አይደለም" ማለት ነው፤ አላውቀውም ማለቱ ነበር። እናቴ ይህን ቃል በቀን ሃያ ጊዜ ራሷ ትላለች፤ በአማርኛ መሀል ሲመጣ ግን "ወደዚህ ነይ" ሆኖ ተሰማት። ሳቁ ሲያልቅ አባቴ ወንበሩን ወደ ኋላ መለሰ። እኔ ሳህን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ፣ ውኃ ልቅዳ ብዬ ተነሣሁ።

በማግስቱ አባቴ ደወለ።

"ልጁ ጨዋ ነው" አለ። "ነገር ግን ማን እንደሆነ አናውቅም።"

"አባዬ፣ ማን እንደሆነ እኮ ነገረህ።"

"ማን እንዳሳደገው ነው የነገረኝ። ከሰባት ቤት ወዲህ ዘመድሽ ቢሆንስ? የአጎቴ የልጅ ልጅ ቢሆንስ? ከዘመዶቼ ስንቱ አዲስ አበባ ገብቶ ጠፍቷል። ይህን እያወቅኩ ቄስ ፊት ላቆምሽ ነው?"

ይህ ንግግር ከውስጤ አልወጣ አለ። ሥራ ላይ እያለሁ፣ ባቡር ውስጥ እያለሁ ያቃጭልብኛል። መፍትሔ ያገኘሁ መሰለኝና አንድ ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ዳር ስንሄድ ለሱ ነገርኩት። በምራቅ የሚመረመር የዘር ምርመራ አለ፤ አንተም ትሰጣለህ፣ አባቴም ይሰጣል፣ ዝምድና ከሌለ ነገሩ አለቀ አልኩ።

ቆመ። እስከ ባሕሩ ተዳፍቶ በሚወርደው የኦፔራ ቤቱ ጣሪያ ላይ የሚንሸራተቱትን ልጆች ተመለከተ።

"ልጅ ሆኜ ጥርሴን መረመሩ፣ አጥንቴን መረመሩ፣ ዕድሜው ትክክል ነው አይደለም ተባባሉ" አለ። "ትምህርት ቤት ከየት ነህ አሉኝ። አውቶቡስ ውስጥ ከየት ነህ ይሉኛል። ካንቺ አልጠበቅኩም።"

"እኔ እኮ አይደለሁም የጠየቅኩህ፤ አባቴ ነው።"

"አባትሽ ምራቅ አልጠየቀኝም።"

እውነቱን ነበር። ተለያየን። በሳምንቱ ዕረፍት ወስዶ ወደ ምዕራብ፣ ወደ አሳዳጊዎቹ ሄደ። ሲደርስ አጭር መልእክት ላከልኝ፤ በጎቹ መውለጃቸው ደርሷል የሚል። ስለኛ አንዲት ቃል የለበትም። ሊንደሩድ የተከራየኋት አንድ ክፍል ጠበበችኝ። ከገበያ ማዕከሉ ምንም ሳልገዛ ወጥቼ በማላውቃቸው ብሎኮች መሀል እዞራለሁ። ስልኬን ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው አዛውራለሁ።

ያኔ ደግሞ እናቴ ደወለች። "ነይና አባትሽን እይልኝ። ቤት አልቀመጥ ብሏል።"

ስደርስ ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ አገኘሁት። "እንሂድ" አለኝ፤ ወዴት እንደሆነ አልተናገረም። በሮመን ብሎኮች መሀል በረዶው በተጠረገበት መንገድ ላይ እየተራመድን ነገረኝ። ልጁን ሙሉ በሙሉ አልተወውም ነበር። ምናልባት በኛ በኩል አዲስ አበባ ላይ ልጅ የጠፋበት ዘመድ ካለ ልጠይቅ ብሎ ጎጃም ላለችው ታላቅ እህቱ ስልክ ደውሏል። ወሬ ወሬን አመጣና ሁለቱ ሐረጉን አብረው መቁጠር ጀመሩ። አምስተኛው ስም ላይ ሲደርስ አክስቴ አቋረጠችው።

"እሱ ደሞ ማነው?" አለችው።

"የቅድመ አያታችን አያት ነዋ፣ እትዬ።"

"እንዲህ የሚባል ሰው በኛ ቤት የለም። አባታችን ሲቆጥር እኔ ነኝ ጭኑ ላይ የተቀመጥኩት፤ አንተ አልተወለድክም።"

አባቴ ሌላ ዘመድ ዘንድ ደወለ። ያ ዘመድ ስሙ አለ፣ ቦታው ግን እዚያ አይደለም አለው። ሌላው ደግሞ ሰውየው ወንድም እንጂ አባት አይደለም አለ። ስሙ ከወጣ የደጃዝማቹ መሥመር አይገጥምም። አባቴ ይህንን ሲነግረኝ ቁጣ አልነበረበትም። ኪሱን ፈትሾ ቁልፉን ያጣ ሰው ነበር የሚመስለው።

"እነዚያ የምታጠኛቸው ነገሥታት" አለ፣ "እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸዋል?"

ስለ ትምህርቴ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ነገርኩት። አንዱ የጥንት ጸሐፊ ነገሥታቱ የተሰየሙት በዉፋ ነው ብሎ ከእሱ ይጀምራል። ሌላው ደግሞ አገሩን መጀመሪያ የገዛው የዉፋ አባት ነው ይላል።

"ታዲያ እውነቱ የቱ ነው?"

"አይታወቅም።"

"አይታወቅም ብሎ ትምህርት አለ?"

"ግማሹ ትምህርት እሱ ነው፣ አባዬ።"

እየሄድን ሌላውንም ነገርኩት። ከዉፋ የልጅ ልጆች አንዱ ክርስትና ተነሥቶ አገሩ ሲመለስ ሚስቱና አማካሪዎቹ ስላግባቡት በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት መሠዊያ አቆመ፤ አንዱ ለክርስቶስ፣ አንዱ ለድሮዎቹ ጣዖታት። አባቴ አንገቱን ነቀነቀ። ይኸው ንጉሥ አገሩን ጥሎ የተሰደደ መስፍን አስጠግቶ ነበር፤ ጠላቱ ወርቅ ልኮ አሳልፈህ ስጠኝ ሲለው ሊስማማ ቃጣው። ሚስቱ ናት የተጠጋህን ወዳጅ በወርቅ መሸጥ ነውር ነው ብላ ያስጣለችው።

"ጣዖቱን ያስመለሰችው እሷው?"

"እሷው።"

"ሴትዮዋ ግራ የሚያጋቡ ናቸው" አለ፤ ለሞተች የባዕድ ንግሥት "ናቸው" እያለ።

ከዚያ ዙፋኑን ትቶ ገዳም ስለገባው ንጉሥ ነገርኩት። ጎረቤት ንጉሥ ወረራ ሲያነሣ ሕዝቡ ድሮ ጀግና ነበር ብሎ ያለ ፈቃዱ ከገዳሙ ጎትቶ አወጣው፤ ሠራዊቱ እሱን ሲያይ ይበረታል ብለው። እሱ ግን ሰይፍ አልይዝም አለ። ጦርነቱ መሀል የገባው ብትር ብቻ ይዞ ነው። እዚያው ገደሉት።

አባቴ መንገዱ መሀል ቆመ። "ብትር ብቻ?"

"ብትር ብቻ።"

"መነኮሰ ማለት ሞተ ማለት እኮ ነው። የሞተ ሰው ይጎተታል?" አለ። ብዙ ከተራመድን በኋላ ደግሞ፣ "ማን ነበር ያሉት አባቱ?" ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ ላይ ሊቃውንቱ እንደማይስማሙ ነገርኩት። አባቴ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀም። ግን ቤታችንን አልፈነው ሄድን፤ ተመልሰንም አለፍነው።

በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እሱ ከምዕራብ ደወለልኝ። ድምፁ ለዘብ ብሎ ነበር። "አባቴ ኦስሎ ሊመጣ ነው" አለ። "ሽማግሌ የምትሉትን ነገር ሰምቷል። እኔ ነኝ የምሄደው ብሏል።"

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሆኑ። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያናችን ያሉ አባት፤ ሁለተኛው የወላጆቼ ጎረቤት የሆኑ ጡረተኛ ኤርትራዊ፣ ዕድሜ ልካቸውን አውቶቡስ የነዱ፤ ሦስተኛው የበግ አርቢው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። እኔ በደንቡ መታየት ስለሌለብኝ ኩሽና ውስጥ ከእናቴ ጋር ነበርኩ፤ የታጠበውን ብርጭቆ ደግሜ አጥባለሁ። በበሩ ክፍተት የበግ አርቢውን አየኋቸው። ጠባብ ሱፍ ለብሰዋል፤ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው በወፍራም የሱፍ ካልሲ ቆመዋል። ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እንደማይቀመጥ ተነግሯቸው ነበርና ቆመው ቀሩ።

"ይቀመጡ እንጂ በሏቸው" አለ አባቴ ተጨንቆ።

"እሺ ሳንባል አንቀመጥም" አሉ ኤርትራዊው ጎረቤት፤ ያስተማሯቸው እሳቸው ነበሩ።

የበግ አርቢው መናገር ጀመሩ። ጎረቤታችን ሊተረጉሙ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉ። "ይሄ የየት አገር ኖርዌጂያንኛ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬ አንድ ቃል አልያዝኩም።" የቤተ ክርስቲያኑ አባትም አልገባቸውም። አባቴ ወደ ኩሽናው ዞረ።

"ነይ" አለ፤ በአማርኛ።

እንዲህ ሆኖ ነው የራሴን ልመና ራሴ የተረጎምኩት። እጄ እርጥብ ነበር፤ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

"ልጄ የአያት ቅድመ አያት ስም እንደተጠየቀ ነግሮኛል" አሉ የበግ አርቢው። "ጥያቄው ተገቢ ነው። ልጅ እያለ አዲስ አበባ ወስጄው ነበር። ማሳደጊያው ተዘግቷል፤ የሚያስታውሰው ሰው አላገኘንም። የሱን ላገኝለት አልቻልኩም። ስለዚህ የኔን ይዤ መጥቻለሁ፤ የሚያገለግል ከሆነ።"

ተረጎምኩ። አባቴ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተጠጋ።

"ይቁጠሩ በያቸው።"

"አባቴ እኔ ዛሬ ያለሁበት እርሻ ላይ ኖረ። ጀልባም ይሠራ ነበር።"

"ከዚያስ?" አለ አባቴ።

"የሱ አባት በዚያው እርሻ። የበረዶ ናዳ ገደለው፤ አባቴ ገና ጡት አልጣለም ነበር።"

"ነፍስ ይማር። ከዚያስ?"

"የሱ አባት አሜሪካ ሄዶ ተመለሰ። አልተመቸኝም አለ። ከሱ በፊት የነበረው ፊደል አያውቅም ነበር፤ መዝሙር ግን ያውቃል ይባላል።"

"ከዚያስ?"

እዚህ ላይ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ። "ከዚያ ሴት ናት። እርሻው የመጣው በሷ ነው። ልጇን ከማን እንደ ወለደችው አልተናገረችም፤ እኛም አናውቅም።"

ይህንንም ተረጎምኩ። አባቴ እኔን አላየም። እሳቸውን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ "ከዚያስ?" አለ።

ሰውየው ትከሻቸውን ነቀነቁ። "ከዚያ በላይ ኦዲን ሳይሆን አይቀርም።"

ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ ምን አሉ አለኝ።

"የድሮ ጣዖታቸው ነው፣ አባዬ። እኔ የማጠናቸው ነገሥታት ላይ ዎደን የሚባለው።"

የቤተ ክርስቲያኑ አባት አማተቡ። አባቴ ግን ፂሙን እየዳበሰ፣ "በዚህ በኩል ዘመድ አይደለንም" አለ፤ ከምሩ ይሁን ከቀልዱ ማንም አልለየም። ከዚያ ተነሥቶ የበግ አርቢውን ክንድ ይዞ ራሱ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። እሺ አላለም። "ልጁን ላኩልኝ። እኔና እሱ ብቻ እንነጋገር" አለ።

ሁለቱ በሳምንቱ ተገናኙ። በየትኛው ቋንቋ እንደተግባቡ አላውቅም፤ የአንዱ አማርኛና የሌላው ኖርዌጂያንኛ እኩል ጎደሎ ነው። እኔ ያን ከሰዓት በኋላ ከሊንደሩድ ተነሥቼ ወደ ሮመን ልሄድ ባቡር ያዝኩ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ወረድኩ፣ ወደ ኋላ ተሳፈርኩ። ማታ ላይ ደወለልኝ።

"ምራቄን ልስጥ አልኩት" አለኝ። "ነይ አለኝ፤ የኖርዌዩን። ከዚያ እኔም አምስተኛውን ሰው አላውቀውም አለኝ። ምን ማለቱ ነው?"

ስለ አክስቴና ስለ ስሙ ነገርኩት። "እያለቀሰ ነበር ያለኝ" አለ በመጨረሻ። ሌላውን ሁለቱም እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። አባቴ ቄሱን ቀድሞ አነጋግሯቸው ነበር፤ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም፣ ግን እጄን ይዞ ያስገባኝ እሱ ነው። ሰርጉ ላይ አክስቴን በስልክ አቅርበናት እልል ስትል ሰማናት፤ እልልታዋን ሳትጨርስ "ያን ስም ግን አልቀበልም" አለችው ለወንድሟ።

ጽሑፌን ዘግይቼ አስረከብኩ። ፈታኙ፣ ሁለቱ ምንጮች ስለ ቤቱ መጀመሪያ ለምን እንደሚለያዩ ጠየቀኝ። ያነበብኩትን ሁሉ ተናገርኩና፣ በመጨረሻ፣ ከዚህ ያለፈ ማወቅ አንችልም አልኩ። አለፍኩ። ስወጣ አባቴ ደወለ።

"አለቀ?"

"አለቀ፣ አባዬ።"

"አሁንስ ምን ልታጠኚ ነው?"

አላውቅም አልኩት። ባሌ ደጅ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ካፌ እንግባ ወይ ቢለኝ፣ መቀመጥ አልፈልግም፣ ትንሽ እንሂድ አልኩትና ቁልቁል ወደ ከተማው ተያያዝነው።